ሠላሳ ተሳፋሪ

ከኮምቦልቻ እርባታ ሠላሳ ገዝቼ፣
ካርቶኑን ለትንፋሽ በምስማር በስቼ፣
ጉልበቴ ላይ ጭኜ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤
ላቤን በመሐረብ እያበስኩ ቆጠርኩ፦
ሠላሳ።

«ምንድን ነው 'ሚንጫጫው?» ሲል ረዳቱ መጣ፣
«ተሳፋሪ» አልኩት። «በል እንግዲህ አምጣ!
የሠላሳ ሰው ነው።» ሚኒባሱ ሳቀ፤
ሐረጎን ስንጀምር ሳቁ እዚያው አለቀ።

ጥምዝ በጥምዝ ላይ ነው። ቦርከና ቀጠነ፣
ክር አክሎ ታች ቀረ፤ ሙቀቱ በነነ።
ከጦሳ የወረደ ጉም መስኮቱን ላሰ፣
የጫጩቶቹ ድምፅ ባንድ ጊዜ አነሰ።
ኮቴን አወለቅሁና ካርቶን አለበስኩት፤
እኔ ነኝ ያገሩ ሰው፣ ብርዱን እኔ ቻልኩት።

ቤታቸው ጓሮ ነው፣ ሆጤ፣ ከኮኩ ሥር፤
ያሮጌ ኪዮስክ በር፣ የተረፈ አጥር፣
ምስማር ድንጋይ ላይ ቀጥቅጬ አቃንቼ፣
ሽቦ ከወዳጅ ቤት ለምኜ አምጥቼ፤
መዝጊያ ቢጎድለኝ አንድ ቆርቆሮ አገኘሁ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ምሰሶ ላይ ያየሁ፦
የራስ ቅል፣ ሁለት አጥንት፣ «አትንካ! አደጋ!»
መታሁት ከበሩ፤ ሸለምጥማጥ ይስጋ።
የጎረቤት ልጆች ጭራሽ አይጠጉም፣
«ኮረንቲ ዶሮ ነው» ብለው፣ ባጥር አያልፉም።
ሉባባ አየችና፣ «የኛ ጣሪያ ያፈሳል፤
ለዶሮ ሲሆን ግን እጅህ ይታዘዛል!»

ዝም አልኩ። እውነቷን ነው።

መቶ ሻማ አምፖል ከመሐል ሰቀልኩኝ፤
መመሪያ አላየሁም፣ እነሱን አነበብኩኝ፦
ሲበርዳቸው ጊዜ ተዛዝለው ይቆለላሉ፣
ሲሞቃቸው ከጥግ አፍ ከፍተው ይወድቃሉ፣
ደኅና ሲሆን ደግሞ፣ እንደ ተሰጣ ሽምብራ
ዘርዘር ብለው ዝም ነው፤ ማን ምን ሊያወራ።

በአራተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ጠፋ።
ከሆጤ እስከ ገራዶ አንድም የለም መብራት።
ምሰሶ ስወጣ በዶፍ፣ በካፊያ፣
ስንቱ ሲረግመኝ ከየግቢው መግቢያ፤
ዛሬ ተራው የኔ። ደወልኩ ለክፍሉ፤
አንድ ልጅ አነሳ፣ እንቅልፍ ያለው ቃሉ፦
«ይታያል፣ አባቴ።»

ይታያል!
ይህን ቃል የፈጠርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤
ስንቱን አሳድሬበት፣ እኔ ግን አላምነውም።

ሉባባ ከሰሉን አያይዛ ጠበቀች፣
ጦይባ ባጥር በላይ ፔርሙዟን አሻገረች፤
ጀሪካን ሞላንና በጨርቅ ጠቀለልን፣
ጋቢዬን ድንኳን አርገን፣ ከሥሩ ሰበሰብን።
እኔም ከጎናቸው ጭድ ላይ ተጋደምኩኝ፤
አንዱ ብብቴ ገባ፣ መተንፈስ ፈራሁኝ።
ቆጥና ብብትን ሲተርቱ ሰምቼ፣
ብብት ምን እንደሆን ገባኝ ያን 'ለት ተኝቼ።

ሲነጋ ሃያ ሰባት።

ሦስቱን ከኮኩ ሥር በማንኪያ ቆፍሬ፣
ቀብሬ ተመለስኩ፣ ማልቀሱን አፍሬ።
መብራቱስ? ቀትር ላይ፣ ጠራራ ሲወጣ፣
ማንም ሳይፈልገው ዘና ብሎ መጣ።

አሁን አምስት ወሩ። ያ ብብቴ ያደረው
ገብስማ አውራ ሆኖ ሰፈሩን አስቸገረው።
ስሙንም ልጆቹ «ኮረንቲ» አሉት።

ለንጋት ግድ የለው፤ ለአዛን፣ ለቅዳሴ፣
አንገቱን አያነሳም፤ ጡረተኛ፣ እንደ ራሴ።
አምፖል ያሳደገው፣ ፀሐዩም አምፖል ነው፤
መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያን ጊዜ ነው 'ሚጮኸው።
ሌሊት ሰባት ይሁን፣ ወይ ማታ ሦስት ሰዓት፣
በሱ ነው ሆጤ ሁሉ የሚሰማው መብራት፤
ጦይባ ትነሳለች ስልኳን ልትሰካ፣
ሌባም ይመለሳል፣ «ነግቷል እንዴ ለካ!»

ሉባባም ዞር ብላ፣ ብርድ ልብሷን ስባ፣
«ባልደረባህ» ትላለች፣ «አሁን ሥራ ገባ።»